እትዬ ሚሊ፣ የጨረር ክፍሉ ቁልፍ ያዥ

በሆስፒታሉ ከዘበኛ እስከ ዋና ሐኪም “እትዬ ሚሊ” እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት የጨረር ሕክምና ፊዚሲስት፣ ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮትና አንድ ቁልፍ ነበራት።

ስለ ሟች ክፉ አይወራም ይባላል። እርሳቸው ግን ይህን ወግ አልወደዱትም፤ ከማረፋቸው በፊት ይህን የሚጽፈውን የእኅታቸውን ልጅ “አሳምረህ እንዳትቀብረኝ” ብለው አስጠንቅቀውታል። ስለዚህ እንደነበረው ይጻፋል። አባታቸው ሲጠጡ እናታቸውን ይደበድቡ ነበር፤ በቀበቶ፣ ቀበቶው ሲጠፋም እጃቸው በገባው ሁሉ። እትዬ ሚሊ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አባታቸው ሲመጡ አይተው በሩን ከውስጥ ቆለፉና ቁልፉን ጉያቸው ሸሸጉ። አባት በሩን በድንጋይ መጥረቢያ መዶሻቸው ገነጠሉት፤ በዚያው መዶሻ የልጃቸውን ትከሻ ሰበሩ። እናት ግን በመስኮት ወጥተው እኅታቸው ቤት ገብተው ነበር፤ ዳግመኛም አልተመለሱም። የእትዬ ሚሊ ግራ ትከሻ ከዚያ ወዲህ ከቀኙ ዝቅ እንዳለ ኖረ።

ትምህርታቸውን በአክስታቸው ቤት ሆነው ጨረሱ፤ በፊዚክስም በማዕረግ ተመረቁ። በ1975 ዓ.ም. በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ግድግዳው ከአንድ ሜትር በላይ በወፈረው፣ ካንሰር በጨረር በሚታከምበት የኮባልት ክፍል ሥራ ጀመሩ። ሥራቸው ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ “ሐኪሙ ጨረሩ የት እንደሚመታ ይናገራል፤ እኔ ከዚያ ሌላ እንዳይመታ እጠብቃለሁ” ይሉ ነበር። በሚሊሜትር ስለሚጣሉ ቅጽል ስማቸው ከዚያ ወጣ። ባለቤታቸውን፣ የሊፍት ጠጋኙን፣ ያገኟቸው ሊፍት ውስጥ ተቀርቅረው ነው። ጠጋኙ ጎትተው ሲያወጧቸው እትዬ ሚሊ ለምን እንደዘገዩ ገሠጿቸው፤ በዓመቱ ተጋቡ፤ ሴትና ወንድ ልጅም ወለዱ።

ኮባልት እንደ መብራት አይጠፋም። ሁልጊዜ ጨረር ይተፋል፤ ዝም የሚለው ጨረር ወደማያሳልፈው የእርሳስ ብረት ቤቱ ሲመለስ ብቻ ነው። ስለዚህ እትዬ ሚሊ በየማለዳው ከመጀመሪያው ታማሚ በፊት የጨረሩ ምንጭ፣ ኮባልቱ፣ ወጥቶ በወጉ መመለሱን ይፈትሹ ነበር። ካንገራገረ ማሽኑን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ። ሰኞ ሰኞ ደግሞ አሸዋ የሞላ ጆንያ አልጋው ላይ አስተኝተው፣ ምንጩ ወጥቶ ቢቀር ምን እንደሚደረግ ቴክኒሻኖቹን “መጀመሪያ ሰውየውን አውጣ፣ ከዚያ ማሽኑን” እያሉ ያለማምዱ ነበር። ቴክኒሻኖቹ ጆንያውን “የእትዬ ሚሊ ሁለተኛ ባል” ይሉት ነበር።

ከተማው የጦር ሜዳ በሆነበት ዓመት፣ አንድ ማለዳ፣ ምንጩ ሲፈተሽ አንገራገረ፤ የሚገፋው አየር ጉልበት አጥቶ ነበር። ቆለፉት። ኮሪደሩ በቁስለኛ ተሞልቶ ወለሉ በደም ያዳልጥ ነበር። አንድ የታጠቀ ጎረምሳ አዛዥ ሕክምናቸው የተቋረጠባቸውን እናቱን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ መጣ። “ዛሬ ካልታከመች እገድልሻለሁ” አላቸው። “ዛሬ ከታከመች የምትገድላት አንተ ነህ” አሉት። በሰደፍ አፋቸውን መታቸው፤ አራት ጥርሳቸው ረገፈ። ወድቀውም አልተዋቸው፤ በጫማው ጎናቸውን እየረገጠ ሁለት የጎድን አጥንታቸውን ሰበረ። ቁልፉን ከኪሳቸው አወጣና አፈሙዙን ተረኛው ቴክኒሻን ጆሮ ላይ ደግኖ ማሽኑን አስነሣ።

ምንጩ ወጣ፤ ሰዓቱ ሲያበቃ አልተመለሰም። ቀይ መብራቱ እንደበራ፣ ደወሉ እንደጮኸ፣ እናቲቱ በመስታወቱ ማዶ ተኝተው ቀሩ። አዛዡ ቴክኒሻኑን ወደ ውስጥ ገፋው እንጂ ራሱ ደፉን አልረገጠም። ያን ሁሉ ሰው ያሸበረ ጀግና የማይታየውን ፈራ። እትዬ ሚሊ ከወለሉ ተነሥተው ቴክኒሻኑን ወደ ኋላ አስቀሩና ደም እየተፉ ራሳቸው ገቡ። በጨረሩ ፊት ሳያልፉ በጎን ዞረው አልጋውን ሳቡና እናቲቱን እስከ በሩ አደረሱ፤ ተመልሰውም ምንጩን በብረት ዘንግ ወደ ቤቱ ገፉት። ሲወጡ አዛዡን በጥፊ መቱት። ጠመንጃውን አነሣ፤ እናቱ “ተው ልጄ” አሉት፤ ተወ። ስለ ጥፊው አይነበብ ያሉ ዘመዶች ነበሩ፤ እርሳቸው ግን በኩራት ያወሩት ነበር።

ከዚያ በኋላ የማለዳ ፍተሻ ሊዘል የሚሞክር ቴክኒሻን ካገኙ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡለት ነበር። ሁለተኛ የዘለለ የለም።

እናቲቱ ዳኑ፤ አዛዡ ታስሮ ተፈታ። እናቱን ለክትትል ባመጣ ቁጥር እትዬ ሚሊ እናቲቱን አስገብተው እርሱን ከግቢው በር ውጭ ያስቆሙት ነበር፤ ዝናብም ቢሆን። አማላጅ ቢልክ አማላጁን በክብር ሸኝተው በሩን ዘጉ።

በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባለፈው ዓመት የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ሰው ሁሉ ሕመሙን ከዚያ ከአዛዡ ቀን ጋር ሲያያይዝ ተቆጡ፤ በክፍሉ ሳሉ ያገኛቸውን ጨረር ራሳቸው አስልተው “ከዚያ አይደለም። አዛዡ ያልሠራውን አትለጥፉበት፤ የሠራው ይበቃዋል” አሉ። ሕመሙ አልራራላቸውም፤ እርሳቸውም አልተለማመጡትም። የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እኅታቸውና ዛሬም ሰኞ ሰኞ የሚጎተተው ጆንያ ከኋላቸው ቀርተዋል።

በቀብራቸው ዕለት ይነበብ ያሉት ቃል ይህ ነው፦ “ያ አዛዥ ከመጣ አታባርሩት። ይቅር ብዬው አይደለም። እናቱ አርጅታለች፤ እሱ ካልደገፋት መቆም አትችልም።” እናቲቱ እንደሚመጡ መልእክት ልከዋል፤ ከፊት ረድፍ ሁለት ወንበር ተይዟል።

ዕድሜያቸውን በር ሲጠብቁ ለኖሩት ለእትዬ ሚሊ እግዚአብሔር የመንግሥቱን በር ይክፈትላቸው፤ ያን የተሰበረ ትከሻቸውንም ያሳርፍልን። አሜን።