በረንዳ ላይ የተሰጡት ልጆች

ፀዲ፣

ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ስትመለሺ የዓሣ ገንዳውን ከማየትሽ በፊት ይህን አንብቢ።

ጠዋት ውኃ ልጨምር ስል፣ ገንዳው ውስጥ ካለው፣ ቅጠሉ ሰይፍ ከሚመስለው ተክልሽ መሀል ረጅም አገዳ ወጥቶ፣ ላዩ ላይ ቅጠልና ሥር ያበቀሉ ትንንሽ ነገሮች አየሁ። እምቦጭ መሰለኝ። አባቴን ከነታንኳው ከሐይቁ ያስወጣው እምቦጭ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እጄ መች ያርፍልኛል! ነቀልሁት። በእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ እንደምናደርገውም ሥሩን ወደ ላይ ገልብጬ በረንዳው ላይ ለፀሐይ አሰጣሁት።

ቀትር ላይ ደወልሽና "ተክሌ ወለደች እኮ! አገዳዋ ላይ ያሉትን ልጆቿን አየሻቸው?" አልሽኝ።

"አዎ፣ ያምራሉ" አልሁሽ።

ሮጬ በረንዳው ላይ ስወጣ ያልደረቀችው አንዲት ብቻ ነበረች። ጠጠሩ ውስጥ ተክያታለሁ። ሥሯ ብቻ ይቀበር፤ ቅጠል የሚወጣበትን ልቧን ጠጠሩ እንዳይሸፍነው፣ ይበሰብሳል። መብራቱን አብርቼዋለሁ፣ ስትተኚ አጥፊው። እናትየው ደህና ናት። ዓሣዎቹም በልተዋል።

አንቺም እኮ ሁልጊዜ "አትንኪ" ከምትዪኝ፣ ምን እንደምትጠብቂ አንድ ቀን እንኳ ብትነግሪኝ...

ተይው።

ቤተሰቦቼ ዘንድ ቆላ ድባ የምሄደው ነገ ነው። "መናኸሪያ ነኝ" ብዬ የላክሁልሽ ውሸቴን ነው፤ ዛሬ የማድረው ዓባይ ማዶ አክስቴ ዘንድ ነው። ስትገቢ ፊትሽን ማየት አቃተኝ።

የደረቁትን አልጣልኋቸውም፤ እዚያው በረንዳው ላይ ናቸው።

ያምራሉ ያልሁሽ ግን እውነቴን ነው። ደህና አድርጌ ያየኋቸው ከደረቁ በኋላ ሆነ እንጂ።

መሲ