የአባቴ አከራይ

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ዝናብ። የምሠራበት ሆስፒታል ወጥ ቤት ሁለት ሰው ቀርቶ ድስት ሳጥብ ዋልኩ። እግሬ አብጧል። ስወጣ አባዬ ጋ ጎራ አልኩ። ጓሮ እርግቦቹን እያበላ ነበር።

የቤቱን ነገር ደግሜ አነሳሁበት። አርባ አንድ ዓመት ከማዘጋጃ ቤቱ ተከራይቶ የኖረበት ነው። ያን ያህል የኖረ ተከራይ በትልቅ ቅናሽ መግዛት ይችላል። ገንዘቡ ከኔ፣ ቅናሹ ከሱ፣ ኋላ ቤቱ ወደኔ ስም ይዞራል፣ እሱ እዚያው ይኖራል። መልሱ ያው ነው። "ይሄን ቤት ተራ ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለ።" እማዬ ዶሪን በሕይወት እያለች ሰፈሩ በሙሉ ሲገዛ እሱ ብቻ ነው እምቢ ያለው። የሸክላ ፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበር ተጠሪ ነበር። ፋብሪካው ፈርሷል፣ እሱ ግን አሁንም ተጠሪ ነው።

ሰማንያ ሊሞላው ነው። የቤቶቹን ረድፍ ሊያፈርሱት ነው የሚል ወሬ አለ። አንድ ቀን ተነስና ውጣ ቢሉትስ? እኔ የምፈራው ይሄን ብቻ ነው።

እሑድ፣ ማርች 30
እሺ አለ። ራሱ ደውሎ! "አንቺ እንዲህ ከተጨነቅሽ ይሁን" አለኝና ስልኩን ዘጋ። ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል?

ሐሙስ፣ ጁላይ 17
ቤቱ የኔ ሆነ። ያበደረኝ ባንክ የኪራይ ውል ካላየሁ አለ። ከኢንተርኔት ናሙና አወጣሁ፣ ስማችንን ሞላሁና ለአባዬ ወሰድኩለት። ለወጉ ያህል ነው፣ ዝም ብለህ ፈርምበት አልኩት።

መነጽሩን አደረገ። አሥራ አራት ገጽ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። እኔ እንኳን አላነበብኩትም። ፈረመ። ቅጂ ጠየቀኝ።

ሰኞ፣ ኦገስት 4
ፖስታ መጣ። ከአባቴ! በአውቶቡስ አሥር ደቂቃ እኮ ነው የሚርቀን።

"ለአከራይ። በውሉ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት እንስሳት ለማኖር ፈቃድ እጠይቃለሁ። ብዛት፦ አሥራ ስድስት እርግብ።" ከሥር ሙሉ ስሙ፣ ሬጅናልድ ኮልክላፍ።

ባሌ ትሬቨር እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ... መጀመሪያ። ደወልኩለት። ቀልድህን ነው? "ውሉ በጽሑፍ ይሁን ነው የሚለው" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ የለም። ሠላሳ ዓመት ያረባቸውን እርግቦች!

ረቡዕ፣ ኦገስት 6
ፈቃዱን ጻፍኩለት። ምን ላድርግ?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 23
የመስኮት ሠሪውን ይዤ ሄድኩ። እቃ ስለያዘ በፊት በር ገባን። በቁልፌ ከፈትኩ። አባዬ በካልሲው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አየን። ሃያ አራት ሰዓት ቀድሞ ማሳወቅ ግዴታሽ ነው አለኝ። እንግዳ ሰው ፊት! አፈርኩ።

ሠሪው ሲወጣ ጠብቄ፣ ልጅህ እኮ ነኝ አልኩት።

"ልጄ በጓሮ ነው የምትገባው" አለ። "በዚያ በር የሚገባው ኪራይ ሰብሳቢና ፖሊስ ነው።"

እኛ ሰፈር እውነት ነው። በሕይወቴ በፊት በር ያለፍኩት የእማዬ አስከሬን የወጣ ቀን ብቻ ነበር። እንዴት ረሳሁት? ግን ደግሞ... መስኮት ላሠራለት ነው የሄድኩት! ብርድ እንዳይመታው! አንጀቴን አሳረረው።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 19
የጓዳው ክፍል ግድግዳ በእርጥበት ጠቁሯል። ለአባዬ ደረት መጥፎ ነው። የተለጠፈበት ወረቀት ተልጦ እንደገና መለሰን አለበት። እማዬ የለጠፈችው ቢጫ አበባ ያለበት ወረቀት። በጽሑፍ አሳወቅኩት፣ እንደሚወደው። መልሱ አንድ ቃል፦ "ተቀብያለሁ።"

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25
ሠራተኞቹ ልጠው ጨረሱ። ስደርስ አባዬ ኩሽና ካፖርቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቅ ይመስላል። በርዶህ ነው? አልበረደኝም። ታዲያ ለምን አታወልቀውም? ኮፍያውን ማዞር ጀመረ።

ከወረቀቱ ትንሽ ቁራጭ አስቀሩልኝ ብሎ እንደነበር ሠራተኛው ነገረኝ። ለኔ ለምን አልነገረኝም? ጥለውት ነበር። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ገብቼ ፈለግኩ፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ። የረጠበ ጭቃ ሆኗል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12
ተጣላን። የለየለት ጠብ። የእሑዱን ጥብስ ይዤለት ሄጄ፣ ቁጭ ሳልል ሙቀቱ ይሠራል ወይ፣ እርጥበቱ ተመለሰ ወይ እያልኩ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። ስመለስ ምግቡን አልነካውም። በቃ ፈነዳሁ። ትርፍ ሥራ የምሠራው ለማን ነው? ይህን ሁሉ ዕዳ የተሸከምኩት ለማን ነው? ምን ባደርግልህ ነው ደስ የሚልህ?

"ደስ ብሎኝ ነበር" አለ። "እስከ ማርች ድረስ።"

በሩን ደርግሜ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሳለቅስ አንዲት ሴትዮ መሐረብ ሰጠችኝ። ትሬቨር ተይው፣ ይበርድለታል ይላል። እሱ ምን አለበት? አባቱ አይደለ!

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3
ፖስታ። የአባዬ እጅ ጽሑፍ ነው።

"በአንቀጽ ሃያ ሁለት መሠረት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ። ቤቱን አጽድቼ አስረክባለሁ።"

ማዘጋጃው ለአረጋውያን ከሚያከራያቸው ክፍሎች አንዷን አግኝቷል። አንድ ክፍል! ለካ ከኦገስት ጀምሮ ተመዝግቦ ተራ ሲጠብቅ ነበር። እዚያ እርግብ አይፈቀድም። አሥራ ስድስቱንም ለጓደኛው ለኧርኒ ሰጥቷቸዋል። ሰጥቷቸዋል... ሳይነግረኝ።

ተነስና ውጣ እንዳይሉት ብዬ ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ በኔው እጅ ደረሰ። የምናደደው በሱ ነው? በራሴ ነው? በዚያ አሥራ አራት ገጽ ነው? ውሉን ዛሬ አነበብኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ። ሰው ለማያውቀው ሰው የሚጽፈው ነገር ነው።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3
ቁልፍ አስረከበኝ። ምድጃው እንኳን ተወልውሏል። መሸጥ አልችልም፤ አምስት ዓመት ሳይሞላ ከሸጥኩ ቅናሹን መልሺ ይሉኛል። ባዶ ቤት መሃል ቆሜ አባዬ ብዬ ተጣራሁ። ሞኝ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14
አዲሱ ክፍሉ ሄድኩ። አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ምድጃ፣ አንድ መስኮት። ላለመሄድ ሳንገራግር ነበር። አባዬ ሹራብ ብቻ ለብሶ ከፈተልኝ። ሻይ አፈላ። ቧንቧው ስለሚያንጠባጥብ ማዘጋጃው ጋ ሁለት ጊዜ ደውሎ እንዳስጨነቃቸው እየሳቀ አወራኝ። ስንት ወር ነው ሲስቅ ካየሁት? ብስኩት ቆርሶ ሰጠኝ። ኧርኒ እርግቦቹን አብዝቶ እያበላ ሊያፈነዳቸው ነው ብሎ አማው። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሎሬይን፣ እዚያ ቤት ስትመጪ ማንን ልታዪ እንደመጣሽ አላውቅም ነበር። እኔን ነው ወይስ ቤቱን?" ሻዩን አማሰለ። "እዚህ ከኔ ሌላ የምታዪው የለም።"

እሱ ይህን ሲለኝ ዓይኔ ጣሪያው ጥግ ላይ ያለች የእርጥበት ምልክት ላይ ነበር።