መነባንብ ለማን ይነገራል? የመምህር ሌቪሰን ቺኮንዴ የሕይወት ታሪክ

መምህር ሌቪሰን ቺኮንዴ ከአባታቸው ከአቶ ዘካርያስ ቺኮንዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ናፊሪ ማሊሮ፣ በሙላንጄ ተራራ ግርጌ በሻይ እርሻ ሠራተኞች መንደር እ.አ.አ. በ1938 ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ በመምህርነት ሠልጥነው፣ በ1961 ዞምባ ከተማ የቋንቋና የተውኔት መምህር ሆኑ። በ1964 ከወይዘሮ ፊሌሲ ጋር ትዳር መሥርተው ታማንዳንና ዊትነስን ወለዱ።

በ1974 ከሥራ ባልደረባቸው ከመምህር ጀራልድ ንኮሎማ ጋር አንድ ተውኔት አዘጋጁ። በተውኔቱ መካከል የንጉሡ በር ጠባቂ መድረክ ላይ ብቻውን ቀርቶ የሚፈራውን ይናገራል። በር ጠባቂውን የተጫወቱት ራሳቸው መምህር ሌቪሰን ነበሩ። በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ተውኔቱ መንግሥትን ይነካል ብሎ ጠቁሞ ሁለቱም ፖሊስ ጣቢያ ተጠሩ። የጣቢያው ሹም ጽሑፉን እያገላበጠ ጠየቃቸው።

«ይኼ ሰውዬ የሚያወራው ከማን ጋር ነው?»

«ከማንም ጋር አይደለም ጌታዬ። መነባንብ ይባላል። ሰውየው ብቻውን ሲሆን የልቡን ድምፅ አውጥቶ ለራሱ ይናገራል።»

«ለራሱ ከሆነ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ምን አግብቶት ይሰማል?»

«ሕዝቡ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።»

«አሃ! ንጉሡ ፊት ‹እሺ› ይላል፤ ዘወር ሲሉለት ሌላ ይላል። ተማሪዎቹን የምታስተምሯቸው ይኼንን ነዋ!»

መምህር ሌቪሰን የመነባንብን ትርጉም ከሹሙ አብልጦ የገባው ተማሪ አልገጠመኝም እያሉ ኋላ ይናገሩ ነበር። ሁለቱም ታሰሩ።

መምህር ሌቪሰን በአምስተኛው ሳምንት ተፈቱ። መምህር ጀራልድ ግን አራት ዓመት ቆዩ። ለምን እንዲህ እንደሆነ የነገረን አልነበረም። ከዚያ በኋላ መምህር ሌቪሰን ሲገቡ የመምህራን ክፍል ወሬ ይቋረጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲቀመጡ አጠገባቸው ያለው ሰው መዝሙር መጽሐፉን ይዞ ፈንጠር ይላል። የመምህር ጀራልድ ባለቤት ወይዘሮ ኤድና አንድ ቀን ዓሣ ተራ አገኟቸው።

«የኔ ባል እስር ቤት ይበሰብሳል፣ አንተ ዓሣ ታማርጣለህ! ምን ብለህ ወጣህ? ንገረና፣ ገበያው ይስማ!»

ዓሣውን ትተው ሄዱ። ቤትም ቢሆን ጥርጣሬው አልተዋቸውም።

«ሌቪ፣ እኔ ሚስትህ ነኝ» አሏቸው ወይዘሮ ፊሌሲ። «ጀራልድን አሳልፈህ ሰጥተሃል?»

«አልሰጠሁም።»

«ታዲያ ለምን ለቀቁህ?»

መምህር ሌቪሰን ራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ወይዘሮ ፊሌሲ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ራት ባቀረቡ ቁጥር የባላቸውን ፊት ያጠኑ እንደነበር ነግረውናል።

ያስፈቷቸው የእናታቸው ወንድም፣ በትውልድ መንደራቸው የገዢው ፓርቲ ሊቀ መንበር የነበሩት አቶ ካምዌንዶ ማሊሮ ናቸው። ሹሙ ዘንድ ቀርበው «የእህቴ ልጅ ጤነኛ አይደለም። ለብቻ ማውራት በዘራችን ያለ በሽታ ነው፤ እናቱም ከድስት ጋር ትጣላ ነበር» አሉ። ታመነላቸው። መምህር ሌቪሰን ይህን ቢናገሩ አጎታቸው በዋሹበት ይታሰራሉ፤ ልጆቹንም ለእብድ መምህር የሚሰጥ ወላጅ አይኖርም። ስለዚህ ከሃዲ መባሉን መረጡ።

አጎታቸው በ1991 አረፉ። በ1994 አገዛዙ ተለውጦ ያው ተውኔት በዚያው አዳራሽ ሲታይ፣ መምህር ሌቪሰን ዳግም በር ጠባቂውን ሆነው ቀረቡ። መነባንቡ ላይ ሲደርሱ ጽሑፉን ትተው አጎታቸው እንዴት እንዳስፈቷቸው ተናገሩ። ድስቱ ጋ ሲደርሱ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ መምህር ጀራልድ ተነሡ።

«ሌቪሰን! አጎትህ ሲዋሹልህ ለእኔም አንድ ቃል እንዲጨምሩ ለምነሃል?»

«የሰማሁት ከወጣሁ በኋላ ነው።»

«ከወጣህ በኋላስ?»

 «ፈራሁ» አሉ መምህር ሌቪሰን። መምህር ጀራልድ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

መምህር ሌቪሰን በ2007 በኩላሊት ሕመም አልጋ ያዙ። አንድ ከሰዓት በኋላ መምህር ጀራልድ ሙዝ አንጠልጥለው ሆስፒታል መጡ፤ ከዚያም መመላለስ አላቋረጡም። ስለ እግር ኳስ ይከራከራሉ፣ ስለዚያ ጉዳይ አያነሡም። ታማንዳ በር ላይ አስቁማ ጠየቀቻቸው።

«አባባ ጀራልድ፣ አባቴን አመኑት?»

«አጎቱ ሞተዋል ልጄ፣ ማንን ልጠይቅ? አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አላምነውም።»

«ታዲያ ለምን ይመጣሉ?»

«ባላመንኩት ቀንም ይናፍቀኛል።»

መምህር ሌቪሰን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በኅዳር 2009 በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። በ1974 ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ምናልባት አሁን ከመካከላችን ተቀምጦ ይህን እየሰማ ይሆናል። ሣጥኑን ከፊት በቀኝ በኩል የሚሸከሙት መምህር ጀራልድ ንኮሎማ ናቸው፤ ቦታውን ማንም አልሰጣቸውም፣ ራሳቸው መጥተው ያዙት።

ሰው ብቻውን የሚናገረውን ሁሉ የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ ለቀረነውም እርስ በርስ የምንተማመንበትን ልብ ይስጠን።