ስምንት ወር የተደበቀ መርዶ

ሰኞ

ያን ፊልም ሁለተኛ አላየውም። ታናሽ ወንድሜ ደምሴ በፍላሽ ይዞት መጣ፤ «እታለም፣ የቤተሰብ ፊልም ነው፣ ትወጂዋለሽ» ብሎ። አንዲት እናት የትልቁን ልጇን ሞት ከታናሿ ትደብቃለች። መጨረሻ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ስትለምን ልጅቷ በሁለት ደቂቃ ይቅር አለቻት። እማ አለቀሰች። ደምሴ ፊልሙን ትቶ ፊቴን ያያል። ያኔ ገባኝ። ሽማግሌ መላክ ቢያፍር ፊልም ላከብኝ!

ማክሰኞ

ኩዌት ሰው ቤት ስሠራ አባባ ሞቱ። ስምንት ወር ደበቁኝ። በደወልኩ ቁጥር ደምሴ «ገብሱን ሊያዩ ጉና ወጥተዋል፣ ኔትወርክ የለም» ይለኛል። «ሹራብ ገዝቼላቸዋለሁ በላቸው» ስለው «ደስ ይላቸዋል» ይላል። ደስ ይላቸዋል!

ደብረ ታቦር በገባሁ ማግስት ጎረቤት ሰብስበው አረዱኝ። ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል፣ እኔ ገና መጀመሬ።

ወግ ነው ይላሉ፤ በሰው አገር ብቻዋን እንዳትደነግጥ። እውነት፣ እዚያ ብወድቅ ማን ያነሣኝ ነበር? ይኼን ማሰቤ ራሱ አናደደኝ። የነሱ ጠበቃ አልሆንም።

ረቡዕ

ልብስ አጠብኩ። ደምሴን አላናገርኩም። የንስሐ አባታችን መጡና «ልጄ፣ ወንድምሽ ነው፣ ይቅር በይው» አሉኝ።

«አባ ይፍቱኝ፣ ገና አልቅሼ አልጨረስኩም» አልኳቸው። እማ ደነገጠች። እኔም ደንግጫለሁ፤ ግን ቃሌን አላጠፍኩም።

ሐሙስ

ምሳ ሰዓት ላይ ደምሴ እውነተኛ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ።

«አውርደው፣ ፊልም አይደለም» አልኩት። አላወርድም አለ። «እንግዲያው ንገረኝ፤ አባባ ሲታመሙ ጠሩኝ?»

ድንጋዩን ትከሻው ላይ አመቻቸ። «ብሞትም አትንገሯት ያሉት እሳቸው ናቸው። ኮንትራቷን ትጨርስ፣ ያለዚያ እዚሁ መጥታ ትቀራለች አሉ። አስማሉኝ።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርክም?»

«እሳቸውን እንዳትጠያቸው ብዬ።»

አሁን ማንን ልቆጣ? ሁለቱንም ተቆጣሁ። «ማን ወስኑልኝ አለዎት!» ብዬ ግድግዳው ላይ ባለው ፎቷቸው ላይ ጮህኩ። ከዚያ ድንጋዩን ከደምሴ ትከሻ ራሴ አወረድኩት። ከብዶኛል።

ነገ ከደምሴ ጋር አባባ የተቀበሩበት ጉና እንወጣለን። ይቅር ያልኩት እንዳይመስለው። መቃብራቸውን የማላውቅ ልጃቸው እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱ ያሳየኝ። እዚያ ስንደርስ ብቻዬን ተወኝ ልለው ነበር፤ ሳልለው ቀረሁ።