የሮላንድ እግርና የግሌንዳ ባሮ ሽንኩርት

ውድ እህቴ ዶሪን፣

ውቅያኖስ ለሚያህል ናፍቆት ወረቀት ባይበቃውም፣ ሰላምታዬ ከነሙቀቱ ከደጅሽ ይድረስ። እንደምን ከረምሽ? ጆሮሽስ እንዴት ሆነልሽ? በስልክ ስንጯጯህ ሰፈሩ ሁሉ የተጣላን እየመሰለው ስለተቸገረ በደብዳቤ መጨዋወታችን ሳይሻል አይቀርም። ባልሽ ግራንት የልቡ መድኃኒት ተስማማው? ልጃችሁ ታምሲንስ የነርስነት ትምህርቷን ገፋችበት? የእናንተ የፐርዝ ፀሐይ ለመገጣጠሚያ ፍቱን ነው ብለሽ ጽፈሽልኛል። አመሰግናለሁ። እኛ ዘንድ በጋው ማክሰኞ መጥቶ ሐሙስ ሄዷል።

እኛ ደኅና ነን። ደኅና ስል በእኛ መንደር ልክ ነው፤ እዚህ ያልሞተ ሁሉ ደኅና ነው። እጄን ታውቂው የለ፤ የምናገረው እኔ ኔቪል ብሆንም የምትጽፍልኝ ግሌንዳ ናት። የእጅ ጽሑፉ ካማረሽ የባለቤቴ ነው፤ ቅናቱ ግን በሙሉ የእኔ ነው።

በማን የምቀና ይመስልሻል? በጎረቤታችን በሮላንድ ኤልስደን ነው። በወጣትነቱ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣው፣ ጓሮው ከጓሯችን የሚዋሰነው ሮላንድ። ዕድሜዬን ሙሉ በባሮ ሽንኩርቱ ስቀናበት ኖሬያለሁ። በመንደሩ ክለብ ዓመታዊ የሽንኩርት ውድድር ዋንጫውን የሚወስደው እሱ ነው፤ እኔ ሁለተኛ እወጣና የሻይ ማንቆርቆሪያ እሸለማለሁ። ቤታችን ውስጥ ስንት ማንቆርቆሪያ እንዳለ አልነግርሽም። ዘንድሮ ግን በእግሩ ቀናሁበት። ባለው ሳይሆን በሌለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት የአካል ጉዳት ድጎማውን አሻሽላለሁ ብሎ ተነሣ። እዚህ አገር "ማሻሻል" የሚለውን ቃል የሰማ ሰው መጀመሪያ ኪሱን ይዳስሳል። ድሮ መርማሪዎቹ ከመልበሱም፣ ከመታጠቡም፣ ከማብሰሉም ያቃተሽን ትንሽ ትንሽ ለቃቅመው ይደምሩና መስፈሪያው ከሞላ ይሰጡሽ ነበር። በአዲሱ ደንብ ግን ቅራቅንቦው ብቻውን አይቆጠርም፤ ቢያንስ አንዱ ነገር ክፉኛ ሊያቅትሽ ይገባል። ሁሉም ነገር በመጠኑ የሚያቅተው ሰው እንደሚችል ይቆጠራል። መቼም ዘመኑ የልዩ ሙያ ዘመን ነው፤ በሽታም ሙያ እንዲኖረው ተፈለገ።

የእኔ ቁርጥማት ደግሞ ሙያ የለውም። ዛሬ ጣቴን፣ ነገ ትከሻዬን፣ ከነገ ወዲያ ጉልበቴን ሲጎበኝ ይከርማል። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይተወኝና ውሸታም የሆንኩ ለራሴም ይመስለኛል። የሮላንድ እግር ግን ሰኞም የለም፣ ማክሰኞም የለም። እንዲህ ያለ ቃሉን የሚጠብቅ ጉዳት ከየት ይገኛል?

ምርመራው በስልክ ነበር። ሮላንድን ጠየቁት፤ "ግራው የለም" አላቸው፤ ጻፉ፤ አለቀ። ለእኔ የደወለችው ልጅ ድምጿ ማር ነው። ቀኑን በምን እንደማሳልፍ ጠየቀችኝ። "በማቃሰት" ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን የዚያን ዕለት ጠዋት የሮላንድን ማሳ በአጥር አሾልቄ አይቼ፣ ዘንድሮ የእኛ እንደሚበልጥ አረጋግጬ ነበር። "ባሮ ሽንኩርት አበቅላለሁ" አልኳት። "ደስ ሲል፤ ትልቅ ነው?" አለችኝ። የአባታችን ልጅ ነሽና አንቺው ፍረጂ፤ በዚህ መንደር ተወልዶ፣ ሽንኩርትህ ትልቅ ነው ወይ ሲሉት "መካከለኛ ነው" ብሎ የመለሰ ወንድ ታውቂያለሽ? ክንዴን ያህላል አልኳት። "ቁፋሮውን ማን ያግዝዎታል?" አለችኝ። "ማንም" አልኳት። ከዚያማ ስኮተኩት፣ ውኃ ሳጠጣ፣ ፍግ ስሸከም አስደመጥኳት። (ግሌንዳ እዚህ ላይ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። አሁን ቀጥላለች።)

እውነቱን መቼም ሳትገምቺው አትቀሪም። እኔ አካፋ ከጨበጥኩ ቆይቷል። የምትቆፍረውም፣ የምትኮተኩተውም፣ ፍግ የምትሸከመውም ግሌንዳ ናት። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ አዛለሁ።

ብዙም ሳይቆይ መልሱ መጣ፤ አመልካቹ አካፋ ጨብጦ የሚቆፍር በመሆኑ እጁ ጤናማ ነው ይላል። ድጎማዬ ተቆረጠ። የእኔ ሲቆረጥ ደግሞ፣ እኔን ለመርዳት ብላ የዳቦ ፋብሪካ ሥራዋን ለተወችው ለግሌንዳ የሚሰጣት አበልም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ወይ በይግባኝ እናሸንፋለን፣ ወይ እሷ ወደ ፋብሪካዋ ትመለስና እኔ የሸሚዜን ቁልፍ የሚቆልፍልኝ አጥቼ በፒጃማ እውላለሁ። ግሌንዳ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እኔ ቆፈርኩ፣ አንተ ፎከርክ፣ መንግሥት አመነህ" አለችኝና ወደ ማሳዋ ወጣች።

በይግባኙ የምትረዳን የምክር ቢሮ ሴትዮ፣ የሚስት ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ሌላ ምስክር አምጡ አለችን። በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ኑሯችንን የሚከታተል ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ስነሣ ስቀመጥ ሰንብቼ ሄድኩና ነገርኩት። ሮላንድ ውኃ ማጠጫውን አስቀመጠ። "ታዲያ ሽንኩርቱን ያበቀለው ማን እንደሆነ ችሎት ፊት ልናገር ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "በመሐላ?" አለኝ። በመሐላ አልኩት። ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዪ። "ኔቭ፣ ይህንንማ በነፃ አደርገዋለሁ" አለኝ።

ችሎቱ የተቀመጠው ኒውካስል ነው። ከጠረጴዛው ወዲያ ዳኛዋ፣ አንድ ሐኪምና ራሷም በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ሴት ነበሩ። ሮላንድ የቀብር ሱፉን ለብሶ መጣ። የግሌንዳን ቁፋሮና የእኔን ወንበር ያለ ርኅራኄ ዘረዘረው፤ እያንዳንዱን ቃል የሚያጣጥም ይመስል ነበር። ሲጨርስ ሐኪሙ ሌላ ያዩት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። ሮላንድ ቆቡን በእጁ ላይ አዟዟረ። "እሑድ እሑድ ክለብ ምሳ ስንበላ ሥጋውን የምቆርጥለት እኔ ነኝ" አለ። "ሰው እንዳያይበት ወሬ እጀምርና ሳህኑን እስባለሁ፤ ቆርጬ እመልስለታለሁ። አንስተነው አናውቅም።"

እውነቱን ነው። ዓመታት ሆኖታል። እኔ ለችሎቱ ካስጻፍኩት ውስጥ አልነበረም። ቤት ውስጥ ግሌንዳ የምትሠራው ሁሉ በማንኪያ የሚበላ ነው፤ ለምን እንደሆነ እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኳት። (ይህን ስትጽፍ ብዕሯን አላስቀመጠችም።) ሦስቱም እጄን አዩ። እኔ የማይበት ቦታ አጥቼ የሮላንድን የብረት እግር አየሁ። ምግብን ቆርጦ መብላት አለመቻል "ክፉኛ" ከሚባሉት ነው ተባለ። እንዲህ ሆኖ ለእኔም አንዲት ልዩ ሙያ ተገኘችልኝ። ድጎማው ተመለሰ፤ የግሌንዳም አበል። እስከሚቀጥለው ምርመራ ድረስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጣቶቼ እንደ አዲስ ይጠየቃሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። በውድድሩ ዋዜማ ሮላንድ በራችንን አንኳኳ። የክለቡ ኮሚቴ አባል ነው፤ ደንቡም ሽንኩርት በአብቃዩ ስም ይቅረብ ይላል። "ችሎት ላይ የማልኩትን ክለብ ውስጥ ልብላው?" አለኝ። ስለዚህ የእኔ ስም ተሰርዞ የግሌንዳ ተጻፈ። አኩርፌ ሽንኩርቱን ከውድድሩ የማወጣ መስሎት፣ እኔን ከመንገዱ ገለል አድርጎ ዋንጫውን ሊወስድ እንደመጣ ገብቶኛል። ግሌንዳ አንደኛ ወጣች። ሮላንድ ማንቆርቆሪያ ተሸለመ።

ፎቶ አንሺው ግሌንዳን ዋንጫ አሸክሞ ወዲህ ዙሪ፣ ወዲያ ዙሪ ሲላት እኔና ሮላንድ ጥግ ይዘን ቢራችንን እንጠጣለን። ሎሚ የመጠጥን ነበር የምንመስለው። በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረው የሥጋ ፓያችን መጣ። ሮላንድ ሳህኔን ሳበው። ወሬ አልጀመረም። ሰው ሁሉ እያየ ቆራረጠውና ገፋልኝ። ቆይቶ፣ ለመሆኑ በማንቆርቆሪያው ምን ታደርጉበታላችሁ ብሎ ጠየቀኝ። መደርደሪያ ግዛ አልኩት።

አሁን በማን እንደምቀና ገባሽ። ዋንጫው ከምድጃው በላይ ተቀምጧል፤ ግሌንዳ ጠዋት ጠዋት ትወለውለዋለች፣ እኔን ግን አታስነካኝም። የመንደሩ ጋዜጣ በዋንጫው የመጀመሪያዋ ሴት ብሎ አወጣት፤ ወንበር ላይ ሆኖ ስላዘዘው ሰው አንዲት መስመር የለችበትም። የሚቀጥለውን ዓመት ፍግ በጊዜ እናዘጋጅ ስላት "እናዘጋጅ? እነማን?" ትለኛለች።

ግራንትን ወንድምህ ኔቪል ጨው ተው ብሎሃል በይልኝ። የታምሲንን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ ነርስ ስትሆን ስለ ሰው ከመጻፏ በፊት እጁን ታየው ዘንድ አደራ። ውሻችሁን ባንጆንም ዳብሱልኝ። ሮላንድ ሰላም ብሎሻል፤ ከድምፁ እንደሰማሁት ከልቡ አይደለም፣ ማንቆርቆሪያው ገና አልወጣለትም።

ናፋቂ ወንድምሽ ኔቪል

ዌስት ራድሊ፣ ኖርዘምበርላንድ
እሑድ፣ ሴፕቴምበር 28

ዶሪን፣ ይህችን የምጨምረው እሱ ሳይሰማ ነው። ዋንጫውን አታስነካኝም ያለሽ እውነት ነው። ይጥለዋል። ችሎቱም አምኖበታል።
ግሌንዳ