የብቻ ሳህን

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ዘገየ

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ሳሉስ ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ፣ እህቴ የኔነሽ ስታነብልዎ «ውሸቷን ነው» ማለትዎ አይቀርም፤ ስለዚህ አልልም። በስልክ ያልነገርኩዎት፣ ገና አፌን ስከፍት «ብርድ ነው፣ ደረብ አድርጊ» ብለው ስለሚያቋርጡኝ ነው። ደብዳቤ አይቋረጥም።

ከፋሲካ ወዲህ እንደ እርስዎ ደረቴን ያፍነኛል። ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ይብስብኛል። ስተነፍስ የሚያፏጨውን ድምፅ ከልጅነቴ ስለማውቀው፣ ሐኪም ሳይነግረኝ አስም መሆኑ ገባኝ። ወዲያው ሰው ላይ እንዳይጋባ ብዬ የብቻዬን ሳህን ያዝኩ። ማን እንዳስተማረኝ ያውቃሉ። ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ ምግብዎ በሩ አጠገብ ለብቻ ይቀርብልዎ ነበር፤ እኛ ስንጠጋዎት «ሂዱ፣ ይጋባባችኋል» ይሉናል። የጎረቤት አባቶች ልጆቻቸውን ሲያጎርሱ እያየሁ አደግሁ፤ የእርስዎን ጉርሻ ግን ቀምሼ አላውቅም።

እዚህ ጉባኤያችን ሮደልሃይም የሚባል ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ነው። ከአምልኮ በኋላ አንድ ትሪ ከበን እንበላለን። እኔ ግን የወረቀት ሳህኔን ይዤ መስኮቱ ጋ መቀመጥ ጀመርኩ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም፣ አፍሬ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ እንደ እህት የያዘችኝ ሃይሚ ሁለት ሦስቴ ጠራችኝና ተወችኝ። ኋላ «ትሪያችንን ተጸየፈችው» ማለቷን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የሚመጣ ሰው የለም። ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈሬ ፎቅ ላይ ተቀምጬ በግድግዳው በኩል የጎረቤቶቼን ሳቅ አዳምጣለሁ። ብቸኝነቱ ከሳሉ ይብሳል፣ አባባ።

ባለፈው ሳምንት የሳንባ ሐኪም ጋ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ነበረኝ። ፍራሽ ውስጥ ያለው አቧራ አለርጂ እንደሆነብኝና አስሙንም እሱ እንደሚቀሰቅስብኝ ነገረችኝ። ሳህኔን ከሰው መለየቴን ስነግራት ግራ ገባት። በትክክል የሰማሁ ስላልመሰለኝ ደግሜ ጠየቅኋት።

«በቤተሰብ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ግን የሚጋባ በሽታ አይደለም። ከማንም ጋር ብዪ» አለችኝ።

ባቡር ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኛ ቤት የቀረው ጉርሻ ነው። የሚነፋውንም መድኃኒት ሱስ ያስይዛል ብለው ሣጥን ውስጥ እንደቆለፉበት አውቃለሁ። እሱንም ጠይቄያለሁ፣ ሱስ አያስይዝም፤ ሐኪምዎ እንዳዘዘልዎ ይውሰዱት።

ዛሬ እሁድ ነው። ወደ ትሪው ልሄድ ቆርጬ ነበር የተነሳሁት፤ እግሬ ግን ለምዶበት ወደ መስኮቱ ወሰደኝ። ለሃይሚ ከምን እንደምጀምርላት አላወቅሁም።

ስለዚህ እርስዎ ይቅደሙኝ። የኔነሽ፣ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ የአባባን ሳህን ከበሩ አንሺው። ልጅሽ ማርቲ «አያቴ ለምን ብቻውን ይበላል?» እያለች አይደል የምታስቸግርሽ? ከጎናቸው አስቀምጫት። አባባ፣ በእጅዎ ያጉርሷት፤ አይፍሩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ሁለተኛዋን በእኔ ስም ያጉርሷት። እኔም ከዚህ ሆኜ አፌን እከፍታለሁ።

እግዚአብሔር ትንፋሽዎን ያቅልልዎ፣ ማዕድዎንም በሰው ይሙላልዎ።

እጅዎን የምትናፍቅ ልጅዎ፣
መሠረት