ጋሽ ይኸነው የመረጠልሽ ዕቃ

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዳንግላ
የጠዋቱ ሽያጭ፦ ሁለት ኪሎ ሚስማር፣ አራት ማጠፊያ፣ አንድ አካፋ።

ይድረስ ለእህቴ ለፋና፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? አክስታችን እንቁስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? አዳማ የምትሠሪበት ሆቴል ሽንኩርት ዓይንሽን እንዳያጠፋው እፈራለሁ። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን፤ የጎደልሽብን አንቺ ብቻ ነሽ። ይህን በስልክ ሳልነግርሽ በሽያጭ ደብተሬ ቅጠል ላይ የጻፍኩልሽ ከሱቄ የሰው ጆሮ ስለማይጠፋ ነው። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

አንጥረኛው ጋሽ ይኸነው እንደነበረ አለ። ብር ሥራ አስተምራታለሁ ብሎ ወስዶሽ ወለል ያስጠርግሽ እንደነበር፣ የደንበኛ ቀለበት ሲጠፋም «እጇ ረጅም ነው» እያለ ከተማውን እንዳዳረሰ አልረሳሁም። ቀለበቱ አንቺ አዳማ በገባሽ ሰሞን ከገዛ መሳቢያው ሥር መገኘቱን ከቀለበቱ ባለቤት ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። ለሷ ቀለበቷን መለሰላት፤ ያንቺን ስም ግን አልመለሰም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ሳሌን ውጬ ቆየሁ።

ባለፈው ሳምንት ለጀማሪ አንጥረኛ የሚሆን ርካሽ ዕቃ ከባሕር ዳር አስመጣሁ። ግማሹ የማይረባ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን አላውቅም። ስለዚህ ደጁ ድረስ ሄጄ «ጋሽ ይኸነው፣ የእርስዎ ዓይን ካላየው ሰው አከስርበታለሁ፤ ይምረጡልኝ» አልኩት።

እየተጎማለለ መጣ። «ሚስማር ቸርቻሪ ደግሞ ስለ ብር ምን ታውቂያለሽ!» አለና ሰው ሲሰበሰብ ድምፁን ከፍ አደረገ። አሥር ሞረድ የያዘውን የሚያብረቀርቅ ሣጥን ገፋው፤ ለጀማሪ ጠፍጣፋ፣ ግማሽ ክብና ክብ ይበቃዋል አለ። እነሱንም ሚስማር ላይ እየፈተገ የሚነክሱትን ለየልኝ። ጥርስ ያለውን ፒንሳ ወረወረው፤ ብር ያቆስላልና አፉ ልሙጥ ይሁን አለ። የመጋዙ እጀታ ርካሽ ቢሆን ግድ የለም፣ ምላጩ ላይ ግን እንዳልቆጥብ መከረኝ። የመዶሻ ፊት ላይ ያለ ጭረት ሁሉ ብሩ ላይ ይታተማል ብሎም መዶሻውን በገዛ እጁ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ቆየ። ብር የሚቀጠቀጥበት መስፍ ልገዛ ነው ስለው ሳቀብኝ። «የጋሪ አክሰል ቁራጭ በየደጁ ተጥሎ እያለ?» አለና ከጋሪ ጠጋኙ ቤት አንዱን መርጦ በትከሻው ተሸክሞ አመጣልኝ።

ሊሄድ ሲል ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ከጨዋ ቤት ለተገኘች ልጅ ነው አልኩት። «እጇ አጭር ይሁን እንጂ፤ አንዷን አይተናል» ብሎ የቆመውን ሰው አሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምራቄ ግን ሬት ሆነብኝ። ከሄደ በኋላ ዕቃውን በጆንያ ጠቅልዬ ስምሽን ጻፍኩበት።

ከጋሽ ይኸነው ሱቅ ፊት ለፊት የነበረችውን ጸጉር ቤት ተከራይቼልሻለሁ። ጠረጴዛው ገብቷል። ታቤላው «ፋና የብር ሥራ» ይላል፤ ሠዓሊውን፣ ፊደሉ ከመንገዱ ማዶ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ይድረስ ብየዋለሁ። ጠዋት በሩን በከፈተ ቁጥር ስምሽን ያነባል። የቀለበቷ ባለቤት የመጀመሪያ ደንበኛሽ ልትሆን፣ ቀለበቱ የት እንደተገኘም ደጅሽ ላይ ቆማ ጮክ ብላ ልትናገር ቃል ገብታልኛለች። የሰርግ ወር ነውና ሳያልፍ ነይ። ከሱ ቤት የሰረቅሽው ነገር ቢኖር በዓይንሽ ሙያውን ነው፤ እሱን አምጪው።

እናታችን ለእግዚአብሔር ተይው ትለኛለች። የእግዚአብሔርን ድርሻ አልነካሁም፤ የወሰድኩት የገበያውን ድርሻ ብቻ ነው። እሷም ብትሆን ሰውየው ባለፈ ባገደመ ቁጥር በአገውኛ ስታጉረመርምበት እሰማታለሁ።

እናታችን አቅፋ ትስምሻለች። ባለቤቴ ሀብቱ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ይቀበልሻል። ልጄ ትዕግስት የመጀመሪያው የጆሮ ጌጥ የኔ ነው ብላለች። የአክስታችንን የእንቁን ጉልበት ቀስ ብለሽ ሳሚልኝ።

እህትሽ ማስተዋል

የነገ ሥራ፦ ታቤላውን በጋሪ ማምጣት። መስቀያ መሰላል ከጋሽ ይኸነው መዋስ።